የመሐንዲሱ ትምህርትና የጋይንት የክፍያ መዝገብ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሠራ መሐንዲስ በትምህርት ቤቱ ስሌትን አጥብቆ ይማራል፤ ስሌቱ የሚያርፍበትን ኑሮ ግን የሚማረው በጥቂቱ ነው። ይህ ምን እንደሚያጎድል ከላይ ጋይንትና ከስማዳ መረዳት ይቻላል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በእነዚህ ወረዳዎች ችግረኛውን በእርከንና በመንገድ ሥራ እያሠራ፣ በገንዘብ ወይም በእህል ሲከፍል ቆይቷል። ዓላማው ገበሬው በክፉ ቀን በሬውንና በጉን እንዳይሸጥ ነው። ኋላ ክፍያውን የሚያሰላ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ገባ፤ ስሌቱም ፈጠነ። ነገር ግን የሠራተኛው ቀን የሚቆጠረው በእጅ በተጻፈ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ወደ በሽሎ ከሚወርደው የስማዳ ቆላ ተነሥቶ፣ በቀበሌው በኩል አልፎ፣ ወገዳ ከተማ እስኪደርስ መኪናው ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። ክፍያው ሲዘገይ በጉ ገበያ ይወጣል። መሐንዲሱን ብትጠይቁት ግን ፕሮግራሙ ምንም እንከን የለበትም፤ እውነቱን ነው።

የስምም ነገር አለ። ኃይሉን አንዱ ጸሐፊ በብዙኃኑ «ኃ»፣ ሌላው በሃሌታው «ሀ» ይጽፈዋል። ለእኛ (ለመዝገብ ቤት ሰዎች በተለይ) ይህ አንድ ሰው ነው፤ አስቀድሞ ካልተነገረው ለመኪናው ግን ሁለት ነው።

ስለዚህ መምህሩ ተማሪውን ከመኪናው ፊት አስነሥቶ፣ ወረቀቱን ከእርከኑ እስከ ገንዘብ ቤቱ በእግሩ እንዲከተል ቢያዝዘው መልካም ነው። ማን ይቆጥራል? ማን ይፈርማል? ማንስ ይጠብቃል? ተማሪው ይህን ጽፎ ሲመለስ፣ ፕሮግራሙ መሥራቱን ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ በጉ ሳይሸጥ መድረሱን መለካት ይጀምራል።