የስትሮክስታውን መንደርና የባለርስቶቹ ታሪክ

በአየርላንድ ደሴት፣ ኮናክት በሚባለው ክፍል፣ በሮስኮመን አውራጃ ስትሮክስታውን የሚባል መንደር አለ። መንደሩ ትንሽ ሲሆን አውራ መንገዱ እጅግ ሰፊ ነው፤ በመንገዱም ጫፍ የቀድሞዎቹ ባለርስቶች የግቢ በር ይታያል። ታሪኩ ምድርን ለሚያስተዳድር ሹም ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ስለ ሆነ ባጭሩ እነሆ። ዘመኑም ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ምድሩ የኦኮነር ወገን ነበረ። ይህም ወገን የኮናክት ነገሥታት ዘር ሲሆን በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሁለት ቤት ተከፈለ፤ ስትሮክስታውንም ኦኮነር ሮ፣ ይኸውም ቀዩ ኦኮነር ለተባለው ቤት ደረሰ። በዚያ ዘመን ልማድ አለቃው ሲሞት ዘመዶቹ ከመካከላቸው የተሻለውን መርጠው ይሾሙ ነበር እንጂ ሹመቱ ለበኵር ልጅ ብቻ የሚተላለፍ አልነበረም። በ17ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ጦር አገሩን ድል ካደረገ በኋላ ግን ምድሩ ለኒኮላስ ማሆን ሆነ። ከዘሩም ቶማስ ማሆን በ18ኛው መቶ ዓመት ትልቁን ቤት አሠራ፤ በ1800 ዓ.ም. ደግሞ ሞሪስ ማሆን ባሮን ሃርትላንድ የሚባል ማዕርግ ተቀበለ።

ከዚህ በኋላ ርስቱ በመልካም አልተጠበቀም። ሦስተኛው ባሮን አእምሮው ስለ ታወከ ርስቱ ለብዙ ጊዜ በፍርድ ቤት ጥበቃ ቈየ፤ ኪራዩም ተወዘፈ። ጭሰኞቹ መሬቱን ለልጆቻቸው እየቈራረጡ ስላካፈሉት ለአንድ ቤተ ሰብ የሚደርሰው እርሻ ከድንች በቀር ሌላ ምግብ የማይበቃበት ሆነ። በ1845 ዓ.ም. ሻለቃ ዴኒስ ማሆን ርስቱን ወረሰ፤ በዚያው ዓመት የድንች በሽታ በአየርላንድ ገባ፤ በማግሥቱም ዓመት አዝመራው ፈጽሞ ጠፋ።

በሕጉ መሠረት የትንንሽ ጭሰኞችን የድኆች መርጃ ግብር የሚከፍለው ባለርስቱ ነበረ። የርስቱ ምስለኔ ጆን ሮስ ማሆን ሒሳብ አስልቶ፣ ሕዝቡን አንድ ዓመት በድኆች መጠለያ ከመቀለብ ወደ ካናዳ በመርከብ መስደድ በግማሽ ያህል ዋጋ እንደሚያልቅ ለጌታው አስረዳ። ሻለቃውም ምክሩን ተቀበለ። በግንቦት ወር 1847 ዓ.ም. 1,490 ያህል ሰዎች 165 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጕዘው ደብሊን ደረሱ፤ ከዚያም በሊቨርፑል በኩል ወደ ኬቤክ ተሳፈሩ። ቪርጂኒየስ በሚባለው መርከብ ከተሳፈሩት 476 ሰዎች 158ቱ በባሕር ላይ ሞቱ። ሒሳቡ ወጪን ቈጠረ፤ ነፍስን ግን አልቈጠረም።

ኅዳር 2 ቀን 1847 ዓ.ም. ሻለቃው ከሮስኮመን ሲመለስ በመንገድ ላይ በጥይት ተገደለ፤ በ1848 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች በዚህ ወንጀል ተሰቀሉ። የመንደሩ ቄስ ሕዝቡን አነሣሥቶአል ተብሎ ቢከሰስም ካደ፤ የኤልፊንም ጳጳስ ከርስቱ የተነቀሉትን 3,000 የሚያህሉ ሰዎች ስም ዝርዝር አሳተመ። ነገሩም እስከ እንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት ደረሰ። በመላው አየርላንድ በዚያ ራብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሲሞት፣ ሌላው ሚሊዮን ተሰደደ።

የሻለቃው ልጅ ግሬስና ባልዋ ርስቱን ወረሱ፤ ዘራቸውም ፓከናም ማሆን ተባለ። በ1903 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በመላው አገር ነገሩን ለወጠው፤ መንግሥት ለባለርስቱ የመሬቱን ዋጋ ከፍሎ፣ ገበሬው ዕዳውን በ68 ዓመት ተኩል ቀስ በቀስ እንዲመልስ ተደረገ። ያለ ጠብ ጭሰኛው ባለመሬት፣ ባለርስቱም ባለገንዘብ ሆነ።

በ1979 ዓ.ም. ቤቱ ለአገሩ ተወላጅ ነጋዴ ተሸጠ፤ በርስቱም መዝገብ ቤት ብዙ አሮጌ ወረቀት ተገኘ። ከዚያም መካከል የክሉናሂ ጭሰኞች በነሐሴ ወር 1846 ዓ.ም. ስለ ራባቸው የጻፉት አቤቱታ አለ፤ ይኸውም ከስደቱ ዘጠኝ ወር አስቀድሞ ነው። በ1994 ዓ.ም. በዚያው ግቢ የራቡ ታሪክ ቤተ መዘክር ተከፈተ። የክሉናሂ ገበሬዎች ችግራቸውን የነገሩት ገና በአገራቸው ሳሉ ነበረ፤ ስለዚህ የሹም ሥራ ሒሳቡን ከመዝጋቱ አስቀድሞ እንዲህ ያለውን ወረቀት በጊዜው ማንበብ ነው።