የገርጂው ሴራሚክና የስዊዝ ቦይ

ቀይ ባሕር ላይ መርከብ በተመታ ቁጥር የትራንዚተር ስልክ ፋታ አያገኝም። ከቦሌ፣ ከገርጂ፣ ከሲኤምሲ የሚደውሉ አስመጪዎች ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ዕቃዬ ስዊዝ ላይ ቀረ እንዴ?»

ብዙውን ጊዜ አልቀረም። ከቻይና የተጫነ ሴራሚክ ስዊዝን አያየውም፤ የህንድ ውቅያኖስን አቋርጦ፣ ባብ ኤል መንደብ ሳይደርስ ጅቡቲ ይራገፋል። በቦዩ የሚመጣው የጀርመን ማሽን፣ የጣሊያን መለዋወጫ፣ የዩክሬን ስንዴ ነው።

ቢሆንም ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) የየመን ሁቲዎች ጥቃት መርከቦችን በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ሲያዞር፣ ጉዞው ረዘመ፣ ባዶ ኮንቴይነር በጊዜ መመለስ አቃተው። የቻይናውም ማጓጓዣ ዋጋ አብሮ ተሰቀለ።

ቦዩ ለእኛ ገና ከጅምሩ ጣጣ ነበረው። በ1869 በኅዳር ሲመረቅ፣ በዚያው ወር ለጣሊያኑ ሩባቲኖ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ተገዛ። የ1888ቱ ስምምነት ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ለሁሉም ክፍት ይሁን አለ። በ1935 የሙሶሊኒ ወታደሮች ወደ እኛ የመጡት በዚያው በር ነው፤ መርከቦቹ የማለፊያ ክፍያቸውን ከፍለው፣ ብሪታኒያም ሳትዘጋባቸው። ሕጉ ተከብሯል መባሉ ነው እንግዲህ!

በ1956 የግብፁ ፕሬዚዳንት ናስር ቦዩን ሲወርሱ ግን ኢትዮጵያ ተመልካች አልነበረችም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተወልድ፣ የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሜንዚስ በመሩት የአምስት አገሮች ኮሚቴ ውስጥ ካይሮ ሄደዋል። ኮሚቴው ይዞት የሄደውን የዓለም አቀፍ አስተዳደር ሐሳብ ናስር አልተቀበሉትም። በእኔ እይታ የሚቆጨው የሐሳቡ መውደቅ አይደለም፤ ያኔ ምጽዋና አሰብ ስለነበሩን ተጠርተን እንነጋገር ነበር፤ ዛሬ የቦዩ ነገር የሚደርሰን በማጓጓዣ ደረሰኝ ላይ ነው።

ደረሰኙ ደግሞ አንዳንዴ ያልታሰበ ነገር ይዞ ይመጣል። በ2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው 400 ሜትር መርከብ ቦዩን ለስድስት ቀን ዘግታ ስትለቀቅ፣ ባለቤቷ ጄኔራል አቬሬጅ አወጀ፤ ማለትም የማዳኑን ወጪ ዕቃ የጫነውም ሁሉ እንዲጋራ። መድን ያለው ዋስትናውን በመድን ድርጅቱ በኩል ያቀርባል፤ የሌለው ከኪሱ ያስይዛል።

ስለዚህ ኤልሲ ከመክፈታችሁ በፊት መርከቡ በየት እንደሚያልፍ ጠይቁ። የመድን ውላችሁንም አንብቡ፤ የጦርነት ስጋት አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ካልተገዛ አይሸፈንም።