ሽቦውን የበላው ማን ነው?

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይባላል። ይህ አባባል ከተራራ ሥር ባሉ የመኪና ማቆሚያዎች በደንብ ይሠራል። መኪና ሁለት ሦስት ቀን ቆሞ ይሰነብታል፤ ባለቤቱ ከጉዞው ሲመለስ ሞተሩ አልነሳ ይላል፤ ኮፈኑ ሲከፈት ሽቦ ተበጥሶ ይገኛል። ያን ጊዜ ጣት የሚቀሰረው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ባደረው ጥበቃ ላይ ወይም መኪናውን መጨረሻ በነካው መካኒክ ላይ ነው። ሽቦውን የቆረጠው ግን ቢላዋ ሳይሆን ጥርስ ሊሆን ይችላል።

እኛ የተፈጥሮ ክበብ አባላት ዘንድሮ በዚህ ጉዳይ ላይ ለመጻፍ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የናይሮቢ ቤተሰብ በእረፍት ቀን ወደ ንጎንግ ኮረብታዎች፣ ወደ ሎንጎኖት፣ ወደ ሄልስ ጌት ይወጣል። ወደ ኬንያ ተራራ የሚሄዱ ደግሞ መኪናቸውን በር ላይ ትተው ሦስትና አራት ቀን ይቆያሉ። የተበላው የመብራት ሽቦ ከሆነ ጉዳቱ የገንዘብ ነው። የተበላው የፍሬን ቱቦ ከሆነ ግን የመኪናው ሙሉ ሰው ቁልቁለት ላይ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ለምን ያኝካሉ?

አይጥ ሽቦ የሚያኝከው ስለራበው ብቻ አይደለም። የአይጥ የፊት ጥርሶች ዕድሜ ልኩን ማደጋቸውን አያቆሙም፤ ባይሞረዱ በዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋሉ። ስለዚህ ጥርሱ እንዲያልቅለት ያገኘውን ጠንካራ ነገር ይከረክማል። የሽቦ ሽፋንና የላስቲክ ቱቦ ለዚህ ይመቹታል።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀትና መጠለያ ነው። ሞተር ከጠፋ በኋላ ለሰዓታት ሙቀቱን ይይዛል። የኬንያ ተራራ መግቢያ በሮች ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላሉ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ጣሪያ ያለው፣ ጉጉትና ጭልፊት የማይደርሱበት፣ ሞቅ ያለ ቦታ ለአይጥ ጥሩ ቤት ነው። ከኮፈኑ ሥር ያለውን ድምፅ መከላከያ ምንጣፍ ቦጫጭቆ ጎጆ ይሠራበታል።

ሦስተኛው ምግብ ነው። ወንበር ሥር የወደቀ ቆሎ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የተረሳ ሙዝ ሽታው ሩቅ ይሄዳል። አይጥን ብቻ ሳይሆን ዝንጀሮንና ጦጣንም ይጠራል። እነዚህ ሽቦ ፍለጋ አይመጡም፤ ግን ክፍት መስኮት ካገኙ ገብተው ወንበር ይቀዳሉ፣ የመስኮት ላስቲክ ይነቅላሉ። ጅብም ቢሆን ላስቲክና ቆዳ ከማኘክ አይመለስም፤ ጫማ ከድንኳን ውጭ የማይታደረው ለዚህ ነው።

አራተኛው ጨው ነው። በካናዳ ቡጋቡ በሚባለው የተራራ ፓርክ ጃርቶች ጨው ፍለጋ የመኪና ጎማና የፍሬን ቱቦ ያኝካሉ። ስለዚህ ተጓዦች መኪናቸውን ዙሪያውን በዶሮ አጥር ሽቦ ያጥሩታል፤ ሽቦው እንዳይነሳም ድንጋይና እንጨት ይጭኑበታል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሚነራል ኪንግ በተባለው ሸለቆ ደግሞ ማርሞት የሚሉት ወፍራም የተራራ እንስሳ የራዲያተር ቱቦ ስለሚበላ፣ ሰዎች ሸራ መሬት ላይ ዘርግተው መኪናውን በላዩ ያቆሙና ሸራውን ወደ ላይ ይጠቀልሉታል። የእኛ አገር ጃርት ከካናዳው የተለየ ዝርያ ነው፤ ሆኖም አጥንት ሳይቀር የሚያኝክ የሌሊት እንስሳ ስለሆነ ያው ጥንቃቄ ለእኛም ይጠቅማል።

ምን እናድርግ?

ከመነሳታችን በፊት መኪናውን ውስጡን እንጥረግ። ምግብ የምንተው ከሆነ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ይሁን። የአይጥ ግልገል በእርሳስ ውፍረት ቀዳዳ ሊሾልክ ስለሚችል፣ የአየር ማስገቢያውን ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ባነሰ የሽቦ ወንፊት እንዲሸፍንልን መካኒክ እንጠይቅ።

ስናቆም ከረጅም ሣር፣ ከእንጨት ክምርና ከቆሻሻ መጣያ ራቅ እንበል። አይጥ ገላጣ ቦታ ማቋረጥ ይፈራል። መስኮቶቹን እስከ ላይ እንዝጋ። የፓርክ እንስሳትን ምግብ አናብላ፤ በኬንያ ፓርኮች ክልክል ነው፤ ሰው ሰጥቶት የለመደ ዝንጀሮ ከሚቀጥለው መኪና ነጥቆ ይወስዳል። ብዙ ቀን የምንቆይ ከሆነ በመኪናው ዙሪያ የዶሮ አጥር ሽቦ ማቆም ይቻላል፤ ሽቦው ትልልቆቹን እንስሳት እንጂ አይጥን አይከለክልም። ሸራ ከተጠቀምን ማርሚታው እስኪበርድ እንጠብቅ።

ስንመለስ ቁልፍ ከማዞራችን በፊት አምስት ደቂቃ እንስጥ። ኮፈኑን ከፍተን ኩስ፣ ሣር፣ የተቦጫጨቀ ምንጣፍ፣ የተላጠ ሽቦ መኖሩን እንይ። ጎንበስ ብለን ከመኪናው ሥር የፈሰሰ ነገር እንፈልግ። የራዲያተር ፈሳሽ ጣፋጭና መርዛማ ስለሆነ ልጆችና ውሾች እንዳይነኩት። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስተን፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ፍሬኑን አጥብቀን እንርገጥ። እግራችን ከሰመጠ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ የፍሬን መብራት ከበራ መኪናው ከቦታው አይነቃነቅ፤ መካኒክ ይጠራ። ኩስ ስናጸዳ ጓንት እናድርግ፤ ደረቁን ከመጥረግ ይልቅ መጀመሪያ በበረኪና ውሃ እናርጥበው፤ የአይጥ ሽንት በሽታ ያስተላልፋልና።

መርዝስ?

ብዙ ሰው የሚቸኩለው ወደዚህ ነው። በገበያ የሚሸጠው የአይጥ መርዝ አብዛኛው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ዓይነት ነው። አይጧ ወዲያው አትሞትም፤ ቀናት ይፈጅባታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደክማ ስትንገዳገድ ጉጉት፣ ጭልፊት ወይም የጎረቤት ድመት ይበላታል፤ መርዙም ይተላለፋል። እኛ ሟርተኛ የምንላት ጉጉት እውነተኛዋ የአይጥ ጠላት ናት፤ እሷን ከገደልን አይጥን የሚቀንስልን አይኖርም። በአገራችንም በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ምግቡ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። በዓለም የቀረው በጥቂት መቶዎች ብቻ ስለሆነ በእንዲህ ዓይነት ቦታ መርዝ መጣል ምን ያህል እንደሚጎዳ መገመት አያዳግትም። በቤታችን ግቢ አይጥ ከበዛ ወጥመድ ይሻላል። በተራራ ላይ ግን እንግዶቹ እኛ ነን፤ መኪናችንን መጠበቅ ያለብን እንስሳቱን ሳንነካ ነው።

ወላጆችን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከልጆቻችሁ ጋር ኮፈኑን ከፍታችሁ የፍሬንና የራዲያተር ቱቦዎቹ የት እንዳሉ አሳዩአቸው፤ ጤነኛውን ያላየ ልጅ የተበላውን አይለይም። ሁለተኛ፣ ሽቦ ተበጥሶ ብታገኙ ጥበቃውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ጫፉን በደንብ እዩት። በመሣሪያ የተቆረጠ ሽቦ ጫፉ ልሙጥ ነው፤ የተኛከ ሽቦ ሽፋኑ የተሸራረፈ ነው፣ ጥንድ ጥንድ የጥርስ ጭረትም ይታይበታል። አስካሪ ሥራውን የሚያገኘው በስሙ ነው፤ በአይጥ ጥፋት ደመወዙ ቢቆረጥ ወይም ቢባረር የሚጎዳው ቤተሰቡ ጭምር ነው።