የሰሞነኛው ማደሪያ

እንጦጦ ማርያም ደርሶ የተመለሰ ሰው የሚያወራው ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የምኒልክና የጣይቱ ዕቃ ስለሚታይበት ሙዚየም፣ እንዲሁም አጠገቡ በጭቃና በእንጨት ስለተሠራው የድሮ ቤተ መንግሥት ነው። አይፈረድበትም፤ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚሁ ጉለሌ አናት ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማሕሌቱን ቆመው፣ ቅዳሴውን ቀድሰው ደብሩን ያቆሙት ካህናት የሚያድሩበት ቤት ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ ፈረንሳይ አገር የገጠር መንደር ብትሄዱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የቄሱ ቤት አይጠፋም። የካቶሊክ ቄስ ስለማያገባ ቤቱን ልጅ አይወርሰውም፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይገባበት ነበር። ብዙዎቹ የመንደሩ ማዘጋጃ ቤት ንብረት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1913 በወጣው የቅርስ ሕግ ከተመዘገበ፣ መስኮቱን ለመቀየር እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የእኛ ቄስ ግን፣ መነኩሴ ካልሆነ በቀር፣ አግብቶ ነው የሚቀስሰው። ቤቱ የሚስቱና የልጆቹም ቤት ነው። ድሮ ለአገልግሎቱ የሚሰጠው መሬት ሰሞን ይባል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠሩም የከተማውም መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ ትርፍ ቤትም ተወረሰ። ስለዚህ በደብሩ ዙሪያ ያለው የካህን ቤት እንደ ማንኛውም የሰፈር ቤት ነው የሚታየው፤ ሲፈርስም ቅርስ ፈረሰ የሚል አይኖርም።

ለፈረንሳዩ ቤት የሚቀርበው የሰሞነኛው ማደሪያ ይመስለኛል። ካህናት በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ያገለግላሉ፤ ተራው የደረሰው ሰሞነኛ ይባላል። በተራው ሳምንት ከትዳር አልጋው ርቆ በደብሩ ቅጥር ግቢ ያድራል፤ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ቅዳሴው የሚሄደው ከዚያች ክፍል ነው። ዲያቆናቱ ኅብስቱን የሚያዘጋጁበት ቤተልሔምም የዚሁ ኑሮ አካል ነው።

እንዲህ ያለ ቤት በሕግ ሊጠበቅ ይችላል? ይችላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በትልቅነቱ አይለካም፤ በግለሰብም ሆነ በተቋም እጅ ያለ ቅርስ ባለቤቱ የመንከባከብ ግዴታ አለበት፤ ለማደስ ደግሞ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ይህ ፈቃድ ለይስሙላ አይደለም። የጭቃ ግድግዳ የሰረገውን ውኃ መልሶ የሚያስተነፍስ ነው። በደግ ልብ፣ «ይጠንክር» ተብሎ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፤ እንጨቱ ከሥር ይበሰብሳል፤ ከላይ የሚያምረው ግድግዳ በጥቂት ክረምት ይነቀላል። በጭቃና በጭድ መልሶ መምረግ፣ ጣሪያው እንዳያፈስ መጠበቅ፣ ጎርፉ ከግድግዳው እግር እንዲርቅ ቦይ መቅደድ ይሻላል፤ ወጪውም ያንሳል።

ቤቱ በጊዜ ካልተመዘገበ ግን የሚቀረው ስሙ ነው፤ ጎንደር ላይ አቡን ቤትና እጨጌ ቤት የሚባሉ ሰፈሮች አሉ። አቡኑና እጨጌው የኖሩባቸው ናቸው፤ እጨጌ ቤት ሸሽቶ የገባ ሰው አይነካም ነበር። ያ ሁሉ ታሪክ በሰፈር ስም ተርፏል። እንጦጦ ላይ ግን ገና የሚጠየቁ አረጋውያን ካህናት አሉ፤ የትኛው ክፍል የሰሞነኛ ማደሪያ እንደነበር፣ ማን እንደሠራው፣ መቼ ቆርቆሮ እንደለበሰ ይናገራሉ። ምዝገባ የሚጀመረው ይህን ጽፎ፣ ቤቱን ለክቶና ፎቶ አንሥቶ ነው።