ተቀያያሪ ግራፊክስ በሊኑክስ

ተቀያያሪ ግራፊክስ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ሁለት የግራፊክስ ቺፖች ኖረው እንደ ሥራው ክብደት አገልግሎት የሚሰጡበት አሠራር ነው። አንደኛው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ (ውስጠ-ገብ) ሲሆን አቅሙ ውስን፣ የሚፈጀው ኃይልም አነስተኛ ነው። ሁለተኛው የራሱ ሜሞሪ ያለው፣ ራሱን የቻለ ቺፕ ነው። ለጌም፣ ለቪዲዮ ኤዲቲንግና ለስሪዲ ዲዛይን ይጠቅማል፤ ነገር ግን ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፣ ላፕቶፑንም ያሞቃል። በሊኑክስ ላይ ዋናው ጉዳይ ይህን ሁለተኛ ቺፕ ሲፈለግ ማስነሳት፣ ሳይፈለግ ደግሞ ማጥፋት መቻል ነው።

አሠራር

ላፕቶፖቹ ስክሪናቸው በተገናኘበት መንገድ በሁለት ይከፈላሉ። በመጀመሪያው ዓይነት ውስጥ ስክሪኑን አንዴ ከአንዱ፣ አንዴ ከሌላው ቺፕ ጋር የሚያገናኝ መቀያየሪያ አለ። በሁለተኛው ዓይነት መቀያየሪያ የለም፤ ስክሪኑ የተገናኘው ከውስጠ-ገቡ ቺፕ ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ ራሱን የቻለው ቺፕ ምስሉን ሠርቶ ወደ ዋናው ሜሞሪ ይልካል፤ ውስጠ-ገቡ ቺፕ ደግሞ ተቀብሎ ስክሪኑ ላይ ያሳየዋል። በዚህ ዓይነት «መቀያየር» የሚለው ቃል ሊያሳስት ይችላል፤ ምክንያቱም ውስጠ-ገቡ ቺፕ ምንጊዜም ሥራ ላይ ነው። የሁለቱ ቺፖች ድራይቨሮች ግን ምስል መቀባበል መቻል አለባቸው። በሊኑክስ ለብዙ ጊዜ ያስቸገረውም ይኸው ነው።

ታሪክ

ኤንቪዲያ ያለ መቀያየሪያ የሚሠራውን ኦፕቲመስ የተባለ ቴክኖሎጂ በ2010 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቅ ለሊኑክስ ድጋፍ አልሰጠም ነበር። በዚያው ዓመት ዴቭ ኤርሊ የጻፈው ቪጂኤ ስዊቸሩ በሊኑክስ ከርነል 2.6.34 ውስጥ ተካተተ፤ ይህም በተለይ መቀያየሪያ ላላቸው ላፕቶፖች የታሰበ ነበር።

በ2011 ባምብልቢ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ተጀመረ። ባምብልቢ በኤንቪዲያው ቺፕ ላይ ሁለተኛ፣ የማይታይ የኤክስ ሰርቨር አስነስቶ ምስሉን ወደ ዋናው ስክሪን ይገለብጣል። አሠራሩ ውጤት ቢያስገኝም ፍጥነት ይቀንሳል። በዚያው ዓመት በመጫኛ ስክሪፕቱ ውስጥ በስህተት የገባች አንዲት ባዶ ቦታ፣ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበትን ዩኤስአር የተባለውን ማውጫ በሙሉ እንዲሰረዝ ታደርግ ነበር።

በ2012 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኦፕቲመስ ተጠይቆ ኤንቪዲያን በካሜራ ፊት በጸያፍ ቃል ተናገረ። በዚሁ ዓመት ፕራይም የተባለው የምስል መቀባበያ ዘዴ በኤክስ ሰርቨር 1.13 ተካተተ። ሆኖም ፕራይም የሚጠቀምበት የከርነል ክፍል የተፈቀደው በጂፒኤል ፈቃድ ለሚወጡ ሞጁሎች ብቻ ነበር። የኤንቪዲያ ድራይቨር ዝግ ስለነበር ኩባንያው ገደቡ እንዲነሳ ጠየቀ፤ አንዳንድ የከርነል ጸሐፊዎች ግን ተቃወሙ። ኤንቪዲያ በ2013 ከፊል ድጋፍ ጨመረ፤ አንድን ፕሮግራም ብቻ ነጥሎ በራሱ ቺፕ ማስኬድ የተቻለው ግን በ2019፣ በድራይቨር 435 ነው።

አጠቃቀም

ዛሬ ተጠቃሚው በአብዛኛው ሦስት ምርጫ አለው፦

* ውስጠ-ገቡ ብቻ፦ ባትሪ ይቆጥባል፤ ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለፕሮግራሚንግ ይበቃል።
* ራሱን የቻለው ብቻ፦ ምስል ሁሉ በኃይለኛው ቺፕ ይሠራል፤ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን ይመረጣል።
* በፍላጎት፦ ውስጠ-ገቡ ዋና ይሆናል፤ ተጠቃሚው የመረጠው ፕሮግራም ብቻ ወደ ሌላው ይላካል።

በኡቡንቱ የኤንቪዲያ ቺፕ ያላቸው ላፕቶፖች በፕራይም ሴሌክት ትዕዛዝ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ይችላሉ፤ ለውጡ እንዲሠራ ብዙውን ጊዜ ኮምፒዩተሩን እንደገና ማስነሳት ያስፈልጋል። በክፍት ምንጭ ድራይቨሮች፣ ለምሳሌ በኤኤምዲ፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ዲአርአይ ፕራይም የተባለውን ተለዋዋጭ 1 ማድረግ ይበቃል።

የባትሪው ቁጠባ በቺፑ ዕድሜም ይወሰናል። ቱሪንግ ከተባለው የ2018 ትውልድ ጀምሮ ያሉ የኤንቪዲያ ቺፖች፣ ላፕቶፑ የሚደግፈው ከሆነ፣ ሥራ ሲፈቱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋሉ። የቀደሙት ግን «በፍላጎት» በሚለው ምርጫ ሥራ ፈትተውም ኃይል ሊወስዱ ስለሚችሉ፣ በባትሪ ሲሠሩ «ውስጠ-ገቡ ብቻ» የሚለው ይሻላል። በአንዳንድ ላፕቶፖች የኤችዲኤምአይ መሰኪያው የተገናኘው ራሱን ከቻለው ቺፕ ጋር በመሆኑ፣ በዚህ ምርጫ ላይ ፕሮጀክተር ቢሰካ ምስል ላይታይ ይችላል።