ሳትሱኪ የተባለውን የአዛሊያ አበባ ከዘር ስለ ማብቀልና ቦንሳይ ስለ ማድረግ

ጃፓኖች ሳትሱኪ የሚሉት አዛሊያ በአገሩ በግንቦትና በሰኔ የሚያብብ ቍጥቋጦ ነው። ስሙም የወጣው በቀድሞው የጃፓን አቈጣጠር አምስተኛው ወር ሳትሱኪ ይባል ስለ ነበረ ነው። ይህን ተክል በትንሽ የሸክላ ዕቃ አኑረው፥ ቁመቱ ከክንድ ብዙ ሳያልፍ የትልቅ ዋርካ መልክ እንዲይዝ ያደርጉታል፤ ጥበቡም ቦንሳይ ይባላል፥ ትርጓሜው በገበታ የተተከለ ማለት ነው። ኢቶ ኢሄይ የተባለ የኤዶ ችግኝ ነጋዴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1692 ዓ.ም. ስለ አዛሊያ ዐይነቶች መጽሐፍ አሳትሞ ነበር።

ከዘር ለማሳደግ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ይህን ይወቅ፤ ዘሩ እናቱን አይመስልም። ሳትሱኪ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ የተዳቀለ ስለ ሆነ፥ ኦሳካዙኪ (ትልቅ ዋንጫ ማለት ነው) ከሚባለው አበባ የተለቀመ ዘር ኦሳካዙኪን አይወልድም። ስመ ጥሩን አበባ ራሱን የሚሻ ሰው ከለጋ ቅርንጫፍ ተቈርጦ ሥር ያበቀለ ችግኝ ይግዛ። በታወቀ አበባ ስም ዘር የሚሸጥ ነጋዴ ቢመጣ ግን ሊሰጥ የማይችለውን ነገር ይሸጣልና የጠየቀውን ዋጋ መክፈል አይገባም። ዘር የሚጠቅመው አዲስ መልክ ለሚፈልግ፥ ግንዱንም ከለጋነቱ ጀምሮ እንደ ወደደ ለማጣመም ለሚሻ ሰው ነው።

ፍሬው በጥቅምትና በኅዳር ይበስላል፤ ሽፋኑ ቡናማ ሲሆን ሳይፈነዳ ለቅሞ፥ በወረቀት ጠቅልሎ በደረቅ ቦታ ማቈየት ነው። የሚዘራው በየካቲትና በመጋቢት ነው። ዘሩ ከጤፍ ይልቅ የቀለለ ስለ ሆነ እፍ ቢሉበት ይጠፋል። የጤፍ ገበሬ ደቃቅ ዘር በጥልቅ እንደማይቀበር ያውቃል፤ የአዛሊያ ዘር ግን ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ ከቶ አፈር አይለብስም። ታቹ በተበሳ ወጭት ላይ፥ በወንፊት በተነፋ ኮምጣጣ አፈር በትኖ፥ በመስተዋት ከድኖ፥ ፀሐይ በቀጥታ በማትመታው ብርሃን ማኖር ነው። ውኃ ከላይ ቢፈስበት ዘሩን ይጠርገዋል፤ ስለዚህ ወጭቱን ውኃ ባለበት ሳሕን ላይ አስቀምጦ እርጥበቱን ከታች እንዲስብ ያደርጓል። 20 ዲግሪ ያህል ሙቀት ያገኘ እንደ ሆነ በሦስትና በአራት ሳምንት መብቀል ይጀምራል።

አዛሊያ የኖራ ጠላት ነው። ኖራ ባለበት አፈር ወይም ውኃ ቢያድግ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል፤ የዝናም ውኃ ይሻለዋል። ጃፓኖች በካኑማ ከተማ አካባቢ በሚቈፈረው ቀላልና ቢጫማ የእሳተ ገሞራ አፈር ይተክሉታል፤ ይህም አፈር እርጥበቱን ይይዛል፥ ትርፉን ውኃ ያሳልፋል። በተራሮቻችን ላይ የሚበቅለው አስታ ከአዛሊያ ጋራ የአንድ ቤተ ሰብ ተክል ነው፤ የርሱም ዘር እንዲሁ ደቃቅ ነው።

ሌላው ዛፍ ኀይሉ ወደ ጫፍ ሲሆን የአዛሊያ ኀይል ወደ ታች ነው፤ ስለዚህ የታችኛውን ቅርንጫፍ አጥብቆ፥ የላይኛውን ቈጥቦ መቍረጥ ያስፈልጋል።

ከዘር የበቀለው የሚያብበው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ቈይቶ ነው። በሁለተኛው ዓመት «አበባው የት አለ?» ብሎ የአትክልተኛውን ደመወዝ የሚይዝ ሹም ፍርዱ የቀና አይደለም። ወጭቱ ተረስቶ ቡቃያው የደረቀ እንደ ሆነ ግን ጥፋቱ የጠባቂው ነው። ቅጠሉ ለፍየልና ለበግ መርዝ ስለ ሆነ በአጥር ይከበብ፤ የተቈረጠውም ቅርንጫፍ ከብት በሚደርስበት ቦታ አይጣል።