በካባ እርከን ላይ ያገለገለችው ባቡር

እርከን ሲባል ወደ አንባቢያችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው አፈር በጎርፍ እንዳይታጠብ በተራራ ወገብ ላይ የሚሠራው ነው። በብሪታንያ፣ በሰሜን ዌልስ የነበረው የዲኖርዊክ የድንጋይ ካባ እርከን ግን የተሠራው ተራራውን ለመጠበቅ ሳይሆን ቆርሶ ለመጨረስ ነበር። ስሌት የሚባለው፣ በስሱ ተሰንጥቆ የቤት ጣሪያ የሚከደንበት ድንጋይ ይወጣበት ነበር። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእርከኖቹ ሐዲድ ላይ ቀደም ሲል ፉርጎ የሚያንቀሳቅሱት ፈረሶችና ሠራተኞች ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ግን በሊድስ ከተማ የነበረው የሃንስሌት ፋብሪካ ስድስት ቶን ያህል የሚመዝኑ፣ ባለ አራት ጎማ የእንፋሎት ባቡሮች ሠርቶ አቀረበ። የውሃቸው ጋን በቦይለሩ ጀርባ ላይ እንደ ኮርቻ የተጫነ ነው። ብዙዎቹ ጣሪያ ስላልነበራቸው፣ ዝናብ በማያጣው በዚያ አገር ነጂው እየበሰበሰ ይሠራ ነበር። ዳገቱን በሽቦ ገመድ ተጎትተው ከወጡ በኋላ በተመደቡበት እርከን ላይ ይቆያሉ። አንድ ቶን ለሽያጭ የሚሆን ስሌት ለማግኘት አሥር ቶን ያህል ፍርስራሽ ይወጣ ስለነበር፣ አብዛኛው ድካማቸው የሚጣለውን ማጓጓዝ ነበር።

ስማቸው ደግሞ የሚያስገርም ነው። የካባው ባለቤቶች የእሽቅድምድም ፈረሶች ስለነበሯቸው አንዳንዶቹን ባቡሮች በፈረሶቻቸው ስም ይጠሩ ነበር። ክሎይስተር በ1893፣ ጄሪ ኤም በ1912 የግራንድ ናሽናልን ውድድር ያሸነፉ ፈረሶች ናቸው።

በ1902 የተሠራችው ሆሊ ዎር እስከ 1967 በሥራ ላይ ቆይታ፣ በብሪታንያ የስሌት ካባዎች ካገለገሉት የእንፋሎት ባቡሮች የመጨረሻዋ ሆናለች። ለዚህ ዕድሜ የጥገናው ድርሻ ቀላል አልነበረም። ካባው በ1870 የተሠራ፣ ብረት ማቅለጫና ቀጥቃጭ ቤት ያለው የራሱ ወርክሾፕ ነበረው፤ ማሽኖቹንም ለብዙ ዓመታት ያንቀሳቀሰው ከ15 ሜትር በላይ ስፋት ያለው የውሃ መንኮራኩር ነው።

ካባው በ1969 ሲዘጋ ከ300 በላይ ሠራተኞች ሥራ አጡ። ከካባው ደመወዝ ጋር በአነስተኛ ማሳና በጥቂት ከብት ኑሮውን ይደጉም ለነበረው የአካባቢው ነዋሪ ጉዳቱ ከባድ ነበር። ብረቶቹ በአንጻሩ ገዢ አላጡም። ሆሊ ዎር ዛሬ በባላ ሐይቅ ዳር መንገደኛ ታመላልሳለች። ከ1971 ጀምሮም ሌሎች የካባው ባቡሮች፣ የተቆረሰው ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት በፓዳርን ሐይቅ ዳርቻ ጎብኚዎችን ያጓጉዛሉ።